መገንጠልና የአፍሪካ መንግሥታት አመሠራረት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ውስጥ ታሪክ ሳስተምርም ሆነ ከክፍል ውጭ ስለ አፍሪካ ጉዳይ ከጎልማሶች ጋር ስወያይ፣ ከሁሉ አብዝተው የሚመላለሱት ስለ መገንጠል የሚነሡት ጥያቄዎች ናቸው። የሚያስገርም አይደለም፤ ከተማችን በቅርብ ዓመታት ሕዝበ ውሳኔ አስተናግዳለች፣ ከሰሜን ወይም ከምሥራቅ ጦር ሜዳ ያልተመለሰ ዘመድ ያለው ቤተሰብም በየሰፈሩ አይጠፋም። ጉዳዩ ስሜት የሚነካ ስለሆነ ወሬና ታሪክ በቀላሉ ይቀላቀላሉ። ከዚህ በታች ብዙ ጊዜ ለሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች በተቻለኝ መጠን በጥንቃቄ መልስ ሰጥቻለሁ። ዓመታቱ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የአፍሪካን ድንበሮች ያሰመረው የበርሊን ጉባኤ ነው?

በከፊል ብቻ ነው። ከኅዳር 1884 እስከ የካቲት 1885 በበርሊን የተሰበሰቡት መንግሥታት በዋናነት የተነጋገሩት ስለ ኮንጎና ስለ ኒጀር ወንዞች ንግድ፣ እንዲሁም አንድ የአውሮፓ መንግሥት የባሕር ዳርቻን «ያዝኩ» ሲል በሌሎቹ ዘንድ ተቀባይነት እንዲያገኝ ምን ማሟላት እንዳለበት ነበር። ዛሬ በካርታ ላይ የምናያቸው አብዛኞቹ መስመሮች የተሰመሩት ከጉባኤው በኋላ በነበሩት ሠላሳ ያህል ዓመታት፣ ሁለት ሁለት መንግሥታት በለንደን፣ በፓሪስ፣ በሮምና በመሳሰሉት ከተሞች በተፈራረሟቸው ውሎች ነው። ጋምቢያ በሴኔጋል መሐል ወንዙን ተከትላ እንደ ቀጭን ሪባን የገባችው እንግሊዝና ፈረንሳይ በ1889 ባደረጉት ስምምነት ነው። ከጋምቢያ በስተ ደቡብ የቀረውና ካዛማንስ የሚባለው የሴኔጋል ክፍል ከዋና ከተማው ከዳካር በዚሁ ምክንያት ተነጥሎ ኖሯል፤ በ1982 በዚጊንሾር ከተማ በሰላማዊ ሰልፍ የተጀመረው የነፃነት ጥያቄ ወደ ትጥቅ ትግል ተሸጋግሮ ለአሥርት ዓመታት ሳይቋጭ የቆየበት አንዱ መነሻም ይኸው ነው።

ነፃ የወጡት አገሮች የቅኝ ገዥዎቻቸውን ድንበር ለምን ተቀበሉ?

ፍርሃት ስለነበራቸው ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት ነበረው። በ1963 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲቋቋም ከሠላሳ በላይ መንግሥታት ተገኝተዋል። ከእነዚህ ውስጥ በድንበሩ በሁለቱም ወገን አንድ ቋንቋ የሚናገር ሕዝብ የሌለው አገር ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። አንዱ ድንበር ይስተካከል ከተባለ የትኛው ይቀራል? በሐምሌ 1964 ካይሮ ላይ በተካሄደው ጉባኤ፣ በታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ አቅራቢነት፣ አባል መንግሥታት ነፃነታቸውን ባገኙበት ዕለት የነበረውን ድንበር ለማክበር ቃል ገቡ። ሶማሊያና ሞሮኮ ውሳኔውን አልተቀበሉም። የሶማሊያ ሰንደቅ ዓላማ ላይ ያለው ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ሶማሊዎች የሚኖሩባቸውን አምስት ግዛቶች ያመለክት ስለነበር፣ የካይሮው ውሳኔ ኦጋዴንን፣ ጅቡቲንና የኬንያን ሰሜን ምሥራቅ ለዘለቄታው እንደ መተው ይቆጠር ነበር። ሞሮኮም በበኩሏ ሞሪታኒያን የራሷ ግዛት አድርጋ ታይ ነበር፤ እስከ 1969 ድረስ ዕውቅና አልሰጠቻትም።

ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ1986 በቡርኪና ፋሶና በማሊ መካከል የነበረውን የድንበር ክርክር ሲወስን ይህንኑ መርሕ አጽንቶታል። የካይሮው ውሳኔ ፍትሐዊ ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ብዙ ሕዝብን ከወንድሙ ለይቷል። ሆኖም በአህጉሩ ውስጥ በመንግሥታት መካከል ግዛት ለመንጠቅ የተደረጉ ጦርነቶች ከተገመተው በላይ ጥቂት ሆነው የቀሩት በዚህ ስምምነት ምክንያት ይመስለኛል። የተከፈለው ዋጋ ሌላ ነው፦ መንግሥታቱ ድንበራቸውን ከጎረቤት የሚያስከብር ሰነድ ሲያገኙ፣ በድንበሩ ውስጥ ካለው ሕዝባቸው ጋር ተስማምተው የመኖር ግዴታቸውን ቸል አሉ።

የራስን ዕድል በራስ መወሰን ሲባል መገንጠል ማለት ነው?

አይደለም፤ መገንጠል ከብዙዎቹ መልኮች አንዱ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 1960 ያወጣው ቁጥር 1514 ውሳኔ ሕዝቦች ሁሉ የራሳቸውን ዕድል የመወሰን መብት እንዳላቸው ካወጀ በኋላ፣ ወረድ ብሎ የአገርን የግዛት አንድነት ለማፍረስ የሚደረግ ሙከራ ከድርጅቱ ቻርተር ጋር እንደሚጋጭ ይናገራል። የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተርም በአንቀጽ 20 መብቱን ያውቃል። በዚህ አንቀጽ ላይ ተመሥርቶ የኮንጎ ክፍል የሆነችውን የካታንጋን ነፃነት የሚጠይቅ አቤቱታ ለአፍሪካ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ቀርቦ ነበር። ኮሚሽኑ በ1995 በሰጠው ውሳኔ መብቱ በነፃነት፣ በራስ አስተዳደር፣ በአካባቢ መንግሥት፣ በፌዴሬሽን ወይም ሕዝቡ በሚፈልገው ሌላ መልክ ሊገለጽ እንደሚችል ገልጾ፣ የዛየር (ያኔ የኮንጎ መጠሪያ የነበረው) የግዛት አንድነት ጥያቄ ውስጥ እንዲገባ የሚያደርግ ከባድ የመብት ጥሰት መኖሩን ወይም ሕዝቡ በመንግሥት ውስጥ መሳተፍ መከልከሉን የሚያሳይ ማስረጃ አልቀረበም በማለት አቤቱታውን ሳይቀበል ቀርቷል። የውሳኔው አነጋገር በሩን ሙሉ በሙሉ አልዘጋውም፤ የሕግ ሊቃውንት እስከ ዛሬ የሚከራከሩበትም ስለዚህ ነው።

ካታንጋ ለምን አልተሳካላትም?

ኮንጎ ሰኔ 30 ቀን 1960 ነፃ ወጣች። ገና ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 11 ቀን፣ ሞይስ ሾምቤ የመዳብ ሀብታሟን ካታንጋን ነፃ አገር ብለው አወጁ። ከጀርባቸው የቤልጅየም መኮንኖች፣ ቅጥር ወታደሮችና ዩኒዮን ሚኒዬር የተባለው የማዕድን ኩባንያ ነበሩ። የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ፓትሪስ ሉሙምባ በጥር 1961 የተገደሉትም እዚያው ካታንጋ ውስጥ ነው። ለዚህ ነው የዚያ ዘመን አፍሪካውያን መሪዎች መገንጠልን የቅኝ ገዥዎች በጓሮ በር መመለሻ አድርገው ያዩት፤ ይህ አመለካከት ከዚያ በኋላ ለመጡ፣ በውጭ ኃይል ላልተነሡ ንቅናቄዎችም ተርፏል።

ለኢትዮጵያውያን ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። የእኛ ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ኃይል ውስጥ ወደ ኮንጎ ዘምተዋል፤ ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬም ከ1962 እስከ 1963 የጠቅላላው ኃይል አዛዥ ነበሩ። ካታንጋ በጥር 1963 እጇን የሰጠችው በእርሳቸው የአዛዥነት ዘመን ነው።

የቢያፍራ ጦርነት መነሻው ምን ነበር? ምንስ ትምህርት ተወሰደበት?

በጥር 1966 በናይጄሪያ የተካሄደው መፈንቅለ መንግሥት፣ በሐምሌ ወር የተከተለው አጸፋና በሰሜኑ ክፍል በኢግቦዎች ላይ የተፈጸመው ጭፍጨፋ ብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ክልል እንዲሸሹ አደረገ። በመንግሥታቸው ጥበቃ ተስፋ የቆረጡት ምሥራቃውያን በሌተናል ኮሎኔል ኦዱሜግው ኦጁኩ መሪነት ግንቦት 30 ቀን 1967 የቢያፍራን ሪፐብሊክ አወጁ። ከሦስት ቀን በፊት ደግሞ የፌዴራሉ መሪ ያኩቡ ጎዎን አራቱን ክልሎች በአሥራ ሁለት ከፍለው ነበር። ይህ ውሳኔ ተራ የአስተዳደር ለውጥ አልነበረም። ምሥራቁን ለሦስት በመክፈል፣ ነዳጅ ያለባቸውንና ኢግቦ ያልሆኑ ሕዝቦች የሚኖሩባቸውን አካባቢዎች ከቢያፍራ ጥያቄ ለይቷቸዋል።

ቢያፍራ ፖርት ሃርኮርትን በ1968 ካጣች በኋላ ከባሕር ተቆረጠች። ምግብና መድኃኒት የሚገባው ኡሊ በተባለ ቦታ፣ ሰፋ ተደርጎ ለአውሮፕላን ማረፊያ በተዘጋጀ የመኪና መንገድ ላይ፣ በሌሊት በሚያርፉ አውሮፕላኖች ነበር። ጦርነቱ በጥር 1970 ሲያበቃ የሞቱት ሰዎች ግምት ከአንድ ሚሊዮን እስከ ሦስት ሚሊዮን ይደርሳል፤ አብዛኞቹን የጨረሰው ረኃብ ነው። ከአፍሪካ ለቢያፍራ ዕውቅና የሰጡት ታንዛኒያ፣ ጋቦን፣ ኮትዲቯርና ዛምቢያ ብቻ ናቸው። በካይሮ የድንበር ውሳኔውን ያቀረቡት ኔሬሬ ራሳቸው ዕውቅና መስጠታቸው ተማሪዎቼን ዘወትር ያስደንቃቸዋል። የእርሳቸው መከራከሪያ መንግሥት የቆመው ለዜጎቹ ስለሆነ፣ አንድ ሕዝብ በገዛ አገሩ ደኅንነት ካጣ አንድነትን በጠመንጃ መጫን ትርጉም የለውም የሚል ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴ በበኩላቸው ጉዳዩን የያዘው የስድስት መሪዎች ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሆነው በነሐሴ 1968 ሁለቱን ወገኖች አዲስ አበባ ላይ አገናኝተዋል። ኦጁኩ ራሳቸው መጥተው ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ስምምነት ግን አልተገኘም።

ጎዎን ከድሉ በኋላ «አሸናፊም ተሸናፊም የለም» አሉ፤ የጅምላ በቀልም አልተፈጸመም። ነገር ግን በጦርነቱ ጊዜ የባንክ ሒሳብ ያንቀሳቀሱ ቢያፍራውያን ያስቀመጡት ገንዘብ ምንም ያህል ይሁን 20 ፓውንድ ብቻ እንዲሰጣቸው ተወሰነ፤ በፖርት ሃርኮርት ጥለውት የሸሹት ቤትም ለብዙዎች አልተመለሰላቸውም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የቢያፍራ ስም በወጣቶች አፍ ተመልሶ መምጣቱን ለመረዳት ከጦርነቱ ይልቅ እነዚህን የሰላም ጊዜ ውሳኔዎች መመልከት ይጠቅማል። ናይጄሪያ ዛሬ 36 ግዛቶች አሏት፤ ትልልቅ ክልሎችን መሸንሸን መገንጠልን ለመከላከያ መንገድ ሆኖ ቀጥሏል።

ታዲያ ኤርትራና ደቡብ ሱዳን እንዴት ነፃ አገር ሊሆኑ ቻሉ?

ሁለት ነገሮች ተሟልተውላቸዋል፦ ቀደም ሲል የሚታወቅ የድንበር መስመርና የቀድሞው ማዕከላዊ መንግሥት ፈቃድ። ረጅም ጦርነት፣ የሕዝብ ብሶትና መሥዋዕትነት ሌሎችም ዘንድ አለ፤ እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ ያገኙ ግን በጣም ጥቂት ናቸው።

ኤርትራ ከ1890 ጀምሮ የኢጣሊያ ቅኝ ግዛት፣ ከ1941 እስከ 1952 ደግሞ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ስለነበረች፣ የነፃነት ደጋፊዎች ጥያቄያችን የካይሮውን መርሕ ያከብራል እንጂ አይጥስም ብለው መከራከር ችለዋል። ሻዕቢያ በግንቦት 1991 አሥመራን ከያዘ በኋላ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የሽግግር መንግሥት ሕዝበ ውሳኔውን ተቀበለ። በሚያዝያ 1993 በተባበሩት መንግሥታት ታዛቢዎች ፊት በተሰጠው ድምፅ 99.8 በመቶው ነፃነትን መረጠ። ደቡብ ሱዳንም ሱዳን ነፃ በወጣችበት በጥር 1 ቀን 1956 የነበረውን የሰሜንና የደቡብ የአስተዳደር ወሰን መነሻ አድርጋለች። የካርቱም መንግሥት በጥር 2005 በፈረመው አጠቃላይ የሰላም ስምምነት ሕዝበ ውሳኔውን ፈቀደ፤ በጥር 2011 በተሰጠው ድምፅ 98.8 በመቶው መለየትን መረጠ፤ ሐምሌ 9 ቀን 2011 ነፃነቷ ታወጀ።

ይሁን እንጂ ሁለቱም ወደ ጦርነት የገቡበትን በር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ኤርትራ በ1952 ከኢትዮጵያ ጋር የተቆራኘችው በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ በጸደቀ ፌዴሬሽን ነበር፤ የራሷ ምክር ቤት፣ ሰንደቅ ዓላማና የሥራ ቋንቋዎች ነበሯት። እነዚህ አንድ በአንድ ተሸርሽረው በኅዳር 1962 ፌዴሬሽኑ ፈረሰ። የመጀመሪያው ጥይት ከአንድ ዓመት በፊት ተተኩሶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ወደ ምክር ቤት መመለስን የሚያስብ ሰው እያነሰ ሄደ። በሱዳንም የመጀመሪያው የእርስ በርስ ጦርነት ያበቃው በ1972 በአፄው አሸማጋይነት አዲስ አበባ ላይ በተፈረመ ስምምነት ሲሆን ደቡቡ የራሱ አስተዳደር አግኝቶ ነበር። ፕሬዚዳንት ኒሜሪ በ1983 ደቡቡን ለሦስት ከፈሉት፤ በዚያው ዓመት ሸሪዓን የአገሪቱ ሕግ አደረጉ። ሁለተኛው ጦርነት ያን ዓመት ተጀመረ። ከ22 ዓመት በኋላ የቀረበው ስምምነት መለያየትን የሚፈቅድ ሆነ።

ስለዚህ መገንጠልን የሚወልደው የብሔር ልዩነት ብቻ ነው የሚለውን አስተያየት አልቀበልም። ልዩነት በየአገሩ አለ። ሰዎችን ወደ ጫካ የሚያስወጣቸው ብዙውን ጊዜ አንድ ጊዜ በፊርማ የተሰጠ የራስ አስተዳደር መልሶ ሲነጠቅ ነው፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የሚሰጥ ቃል ሁሉ የሚታመንበት አይኖርም።

የካሜሩን ጉዳይም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል?

በጣም። በእንግሊዝ ሥር የነበረው የካሜሩን ክፍል በየካቲት 1961 ድምፅ ሲሰጥ የቀረበለት ምርጫ ከናይጄሪያ ወይም ከቀድሞዋ የፈረንሳይ ካሜሩን ጋር መቀላቀል ብቻ ነበር፤ ለብቻ ነፃ መሆን በምርጫው አልነበረም። ሰሜኑ ወደ ናይጄሪያ፣ ደቡቡ ወደ ካሜሩን ሄደ። ከጥቅምት 1961 ጀምሮ የነበረው ፌዴሬሽን በግንቦት 1972 በሕዝበ ውሳኔ ፈርሶ አገሪቱ አሐዳዊ ሆነች። በ2016 የእንግሊዝኛ ተናጋሪው አካባቢ ጠበቆችና መምህራን የወጡት ለመገንጠል አልነበረም፤ በፈረንሳይኛ ብቻ የሠለጠኑ ዳኞችና መምህራን በፍርድ ቤታቸውና በትምህርት ቤታቸው መመደባቸውን በመቃወም ነበር። መልሱ ኃይልና እስር ሲሆን፣ በጥቅምት 1 ቀን 2017 አምባዞኒያ የሚባል ነፃ አገር ታወጀ፤ ከዚያም በሁለቱ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ክልሎች ግጭት ነገሠ፣ ሕፃናት ለዓመታት ትምህርት ቤት ሳይገቡ ቀሩ። መምህር እንደ መሆኔ ይህ የመጨረሻው ነገር ከሁሉ በላይ ያሳዝነኛል፤ ጥያቄው የተነሣው ስለ ትምህርት ነበርና።

ሶማሌላንድ መስፈርቱን ታሟላለች ይባላል፤ የአፍሪካ ኅብረት ለምን አልተቀበላትም?

የሶማሌላንድ መከራከሪያ ከኤርትራ ጋር ይመሳሰላል። የእንግሊዝ ግዛት ሆና ቆይታ ሰኔ 26 ቀን 1960 ነፃ ወጣች፤ ከአምስት ቀን በኋላ፣ በሐምሌ 1፣ ከኢጣሊያዋ ሶማሊያ ጋር በፈቃዷ ተዋሐደች። በ1988 የዚያድ ባሬ መንግሥት ሐርጌሳን በአየርና በመድፍ ደብድቦ አፈራረሳት፤ ብዙ መቶ ሺህ ሰውም ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ። በግንቦት 1991 ቡርዖ ላይ የጎሣ ሽማግሌዎች በተገኙበት ጉባኤ ውሕደቱ መሻሩ ታወጀ። የራሷ ገንዘብ፣ ሠራዊትና ፓስፖርት አላት፤ በተደጋጋሚ ምርጫ አካሂዳለች፤ በኅዳር 2024ም የተቃዋሚው ዕጩ አሸንፎ ሥልጣን በሰላም ተላልፏል። በ2005 የአፍሪካ ኅብረት የላከው የአጣሪ ቡድን የሶማሌላንድ ጉዳይ በአፍሪካ ፖለቲካ ታሪክ ልዩ መሆኑን ገልጾ ነበር።

የጎደላት ሁለተኛው ነገር ነው፤ የሞቃዲሾ ፈቃድ። ኅብረቱም የሶማሊያን አንድነት የሚነካ ውሳኔ ማሳለፍ አልፈለገም። ኢትዮጵያ በጥር 1 ቀን 2024 ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ስትፈራረም የተነሣው ውዝግብና በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አንካራ ላይ ከሶማሊያ ጋር የተደረሰው ስምምነት፣ ጉዳዩ ለእኛም ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ አሳይቷል።

ምዕራብ ሰሃራ መገንጠል ነው?

አይደለም። ስፔን በ1976 የለቀቀችው፣ ከዚያ በፊት የሞሮኮ አካል ሆኖ ያልተዳደረ ቅኝ ግዛት ስለሆነ፣ ጥያቄው በሕግ ዓይን ያልተጠናቀቀ ከቅኝ ግዛት የመላቀቅ ጉዳይ ነው። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ1975 በሰጠው ምክረ ሐሳብ የሞሮኮ ታሪካዊ ግንኙነት የሉዓላዊነት መብት እንደማያስገኝ ገልጿል። የሰሃራዊ ሪፐብሊክ የአፍሪካ ኅብረት አባል ናት፤ በዚሁ ምክንያት በ1984 ከድርጅቱ የወጣችው ሞሮኮ በ2017 ተመልሳለች።

በፈቃድ የተዋሐዱ አገሮችስ የሉም?

አሉ፤ የጸናው ግን የታንጋኒካና የዛንዚባር ውሕደት ነው። ውሕደቱ ከሚያዝያ 1964 ጀምሮ የቆየ ሲሆን፣ ዛንዚባር የራሷ ፕሬዚዳንትና ምክር ቤት አላት። ሴኔጋልና የዛሬዋ ማሊ የመሠረቱት ፌዴሬሽን ነፃ በወጣ በሁለት ወሩ፣ በነሐሴ 1960፣ ፈረሰ፤ የሴኔጋልና የጋምቢያ ኮንፌዴሬሽን ደግሞ ከ1982 እስከ 1989 ብቻ ቆየ።

ሲዳማ ክልል መሆኑ ከመገንጠል ጋር ይገናኛል?

ይህን ጥያቄ ሐዋሳን የማያውቁ ሰዎች ናቸው አብዝተው የሚያቀርቡልኝ። መልሱ አይገናኝም ነው። ክልል መሆን የሚመራው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 ነው፤ አዲሱ ክልል የሚቆየው በዚያው ፌዴሬሽን ውስጥ ነው። የሲዳማ ዞን ምክር ቤት ጥያቄውን ካቀረበ በኋላ ሕዝበ ውሳኔው በአንድ ዓመት ውስጥ መካሄድ ነበረበት፤ ሲዘገይ በሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ክልልነትን በራስ ለማወጅ ዝግጅት ነበር፤ በዚያ ሰሞን በከተማችንና በሲዳማ ወረዳዎች በተነሣው ሁከት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፣ ንብረት ወድሟል። ከአራት ወር በኋላ፣ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የምርጫ ቦርድ ሕዝበ ውሳኔውን አካሄደ።

ያን ቀን ንጋት ላይ የተሰለፈው ሕዝብ ከምርጫ ጣቢያው በር እስከ ዋናው መንገድ ይደርስ ነበር፤ አረጋውያን ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመዋል። በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ክልልነትን የሚወክለው ሻፌታ የተባለው የሲዳማ ባህላዊ የምግብ ማቅረቢያ፣ በደቡብ ክልል መቆየትን የሚወክለው ጎጆ ነበር። ሁለቱም ምልክቶች ማንበብ ለማይችል ሰው እንኳን ግልጽ ነበሩ። ውጤቱ 98.5 በመቶ ለሻፌታ ሆነ፤ በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ሲዳማ አሥረኛው ክልል ሆኖ ሥራ ጀመረ። ከዚያም የደቡብ ምዕራብ፣ ቀጥሎም የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ተከትለው፣ ሐዋሳን መቀመጫው ያደረገው የቀድሞው የደቡብ ክልል አከተመ።

በእኔ አስተያየት የዚህ ታሪክ ጥቅም ከናይጄሪያ ጋር ሲነጻጸር ይታያል። እዚያ ክልል የተሸነሸነው ከላይ በወጣ ትእዛዝ ነው፤ እዚህ ግን ጥያቄው ከታች ተነሥቶ፣ ዘግይቶና ደም አፍስሶም ቢሆን፣ ወደ ኮሮጆ ደረሰ። የዘገየው ጊዜ ባይኖር የጠፋው ሕይወት ይተርፍ ነበር ብዬ አምናለሁ። በሕግ የተቀመጠ ቀነ ገደብ ማክበር ራሱ የሰላም ሥራ ነው። በከተማዋ ውስጥ የሚኖሩ የሌሎች ብሔረሰቦች ተወላጆች ስለ ውክልናና ስለ ሥራ ዕድል የሚያነሡት ጥያቄም ከሕዝበ ውሳኔው ጋር አብሮ አልተዘጋም፤ መልስ የሚገባው ነው።

አንቀጽ 39 እንዴት ይሠራል?

የመገንጠልን መብት በሚደነግገው በዚህ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ መሠረት በመጀመሪያ የብሔሩ ወይም የሕዝቡ ምክር ቤት ጥያቄውን በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማጽደቅ አለበት። የፌዴራሉ መንግሥት ውሳኔው በደረሰው በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያዘጋጃል፤ አብላጫው ድምፅ ከደገፈው ሥልጣን ይተላለፋል፤ የንብረት ክፍፍልም በሕግ ይፈጸማል። እንዲህ ያለ ግልጽ አንቀጽ በዓለም ሕገ መንግሥቶች ዘንድ ብዙም አይገኝም፤ ከሚታወቁት አንዱ የሶቪየት ኅብረት ነበር። እስካሁን ይህን ሥርዓት እስከ መጨረሻው የሄደበት የለም። ኤርትራ የወጣችው ሕገ መንግሥቱ ከመጽደቁ በፊት ነው።

ነፃነት ሰላም ያመጣል?

ለብቻው አያመጣም። በደቡብ ሱዳን ነፃነት ከታወጀ ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ 2013፣ በፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪርና በምክትላቸው በነበሩት በሪየክ ማቻር ደጋፊዎች መካከል ጦርነት ፈነዳ። በሕዝበ ውሳኔ ወቅት አንድ ያደረጋቸው ካርቱም ነበር፤ ካርቱም ሲወገድ ሥልጣንን፣ ሠራዊትንና የነዳጅ ገቢን የሚያካፍል የጸና ተቋም አልነበረም። ነዳጁ ራሱ ሌላ ችግር ነው፤ የቀድሞዋ ሱዳን ምርት ሦስት አራተኛው በደቡቡ ቢቀርም፣ ወደ ፖርት ሱዳን የሚወስደው ቧንቧ በሰሜኑ ያልፋል። በ2012 በማሳለፊያ ክፍያ ባለመስማማታቸው ደቡብ ሱዳን ምርቷን ከአንድ ዓመት በላይ አቋርጣ ነበር።

አገር ሲከፈል የተራው ሰው ዜግነት ምን ይሆናል?

ከሁሉም ጥያቄዎች ዘግይቶ የሚነሣው፣ ቀድሞ መነሣት የነበረበትም ይህ ነው። ኤርትራ በ1993 ስትለይ በአዲስ አበባ፣ በአዳማ፣ በሐዋሳና በሌሎች ከተሞች ይኖሩ የነበሩ የኤርትራ ተወላጆች ጉዳይ በግልጽ አልተቋጨም። ብዙዎቹ በሕዝበ ውሳኔው ድምፅ ሰጥተው፣ በኢትዮጵያ መታወቂያና ፓስፖርት ግን ይነግዱ፣ ይሠሩና ይማሩ ነበር። በ1997 ኤርትራ የራሷን ገንዘብ፣ ናቅፋን፣ ስታወጣ የንግድ ግንኙነቱ ሻከረ፤ በግንቦት 1998 ጦርነት ሲነሣ ያ ያልተቋጨ ጉዳይ በሰዎቹ ላይ መጣ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ከኢትዮጵያ ወደ ኤርትራ ተባረሩ፤ ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ በድንበር ተለያዩ። በኤርትራ ይኖሩ የነበሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንም ቤታቸውንና ሥራቸውን አጥተው ተመለሱ።

በታኅሣሥ 2000 አልጀርስ ላይ በተፈረመው ስምምነት የተቋቋመው የካሣ ኮሚሽን በ2004 ባሳለፋቸው ውሳኔዎች ሁለቱንም መንግሥታት በሲቪሎች አያያዝ ኃላፊ አድርጓቸዋል። ኮሚሽኑ የኢትዮጵያ መንግሥት ሁለት ዜግነት ያላቸውን ሰዎች ለደኅንነት ሲባል ማጣራቱን በመርሕ ቢቀበልም፣ ሳይጣራ የተባረሩትንና በሌላ አገር ሳሉ ዜግነታቸውን የተነጠቁትን በተመለከተ ሕግ መጣሱን ወስኗል። ኤርትራም ኢትዮጵያውያንን ባሰረችበትና ባስወጣችበት ሁኔታ ተጠያቂ ሆናለች። የተፈረደው ካሣ ግን ለተጎጂዎቹ እጅ አልደረሰም።